ስድስት ሰዓት ወደኋላ

መብራት ሄዶ መጣ፤ ማሽኑ ተነሣ፣
ቀኑን ብጠይቀው፣ ያለበትን ረሳ።
«ጃንዋሪ አንድ» ይላል፣ «ሁለት ሺህ ሁለት»፤
ውጭው ግን ግንቦት ነው፣ የአዳማ ሙቀት።
የወይዘሮ ብርቄ የትናንት ክፍያ
በአባቴ ዝርዝር ላይ፣ እድሩ ሳይቋቋም፣ ሆነ መጀመሪያ።
ኢንተርኔቱም ጭራሽ በሩን ዘጋብኝ፣
«የዚህ ገጽ ምስክር ወረቀት ገና አልተወለደም፣ ተመለሽ» አለኝ።

ነጂብ ጋ ደወልኩ፣ ፖስታ ቤት ጀርባ ያለው፤
«ባትሪዋ ሞታ ነው» አለኝ፣ ማሽኑን ሳያየው።
«ሳንቲም የምታህል፣ ማዘርቦርዱ ላይ አለች፣ በጥፍርሽ አውጫት፤
እኔ ጋ አልቃለች። ሰው የሚመዝን ልጅ ፈልጊ፣ ሚዛኑ ውስጥ ናት።»

ሙራድን ባጃጅ ተራ፣ ከግንብ ጥላ ሥር፣ ሚዛኑን ታቅፎ አገኘሁት፤
መለዋወጫዋን ከካልሲው አወጣ። መቶ ብር ሰጠሁት።
«ተመዘኚ እንጂ፣ በነፃ!» አለኝ። ወጣሁበት።
ቁጥሩን ግን ለራሴም አላወራሁት።

አራት ብሎን ነበረው ይባላል፤ ያሉትን ሦስቱን ፈታሁ።
ከማራገቢያው ሥር የአቧራ ጥጥ፣ የደረቀ በረሮ፣
ወንድሜ በልጅነቱ በፍሎፒው ቀዳዳ የከተተውን አሥር ሳንቲም አገኘሁ።
ባትሪዋን ስጫናት «ቀጭ» አለች። አበራሁ።

«ከኢንተርኔት አስተካክል» የሚለውን ነካሁ፤ «ተሳክቷል» አለ።
ደቂቃው ልክ። ሰከንዱ ልክ። ሰዓቱ ስድስት ጎደለ።

ራውተሩን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ሰርቨር ቀየርኩ። ፋየርዎሉን አጠፋሁ።
ቫይረስ ነው ብዬ ሳስፈትሸው አመሸሁ፣ ወንበር ላይ አነጋሁ።
በእጄ ባስተካክለው፣ አፍታ ሳይቆይ ስድስቱን ይጥላል፤
መንገድ እንደለመደ የጋሪ ፈረስ ወደዚያው ይመለሳል።

ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ነክቼው የማላውቀውን ዝርዝር ወደታች ስጎትት፣
«የሰዓት ክልል» ከሚለው አጠገብ «ብራዚሊያ» የሚል አየሁበት።

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፤
«እሱን እንኳ አትንኪብኝ» አለኝ፣ ሳል ቀላቅሎ።
«የአገሩን ስም ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣
እዚህ ላይ ስደርስ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ገጠመልኝ።
የት ነው ለመሆኑ?» ብራዚል ነው፣ አልኩት። «ኳስ ተጫዋቾቹ!
ጥቅምት ላይ አንድ ሰዓት ይዘላሉ እንጂ፣ ደግ ናቸው ሰዎቹ።»

ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የሦስት ፈረቃ ሰው የመዘገበ ነው፤
ቀን በእንቅልፉ መሀል ሲቀየር፣ ሌባ የገባ ነው የሚመስለው።
«ሰው ሳይነሣ ቀን ይነሣል?» አለኝ። እኔ ምን ልበለው።

ደግሞ ሳስበው፣ ማሽኑ የተበላሸ አልነበረም፤
ሆዱ የዓለሙን ሰዓት ይዟል፣
ፊቱ የእኛን ያወራል እንጂ፣ አልዋሸም።
«ናይሮቢ» ላይ ያሳረፍኩትን ጣት አነሣሁ።
ምንም አልተጫንኩም።

አሥራ ሁለት ሲሞላ ሁለታችንም ቆመን አየን፤
ቁጥሩ ዞሮ አዲስ ቀን ሆነ።
ከከተማው ወዲያ፣ ጋራው ላይ፣ የንፋስ ተርባይኖቹ ጫፍ ቀላ፤
ባጃጆች መጮህ ጀመሩ፤ የጎረቤት ቧንቧ ተንፏቀቀ፣ ውሃ መጣ።

አባቴ መነጽሩን አጠለቀ። የወይዘሮ ብርቄን ቀን አርሞ፣
በጣቱ እየተከተለ ወደታች ወረደ፣ አንዱ ስም ላይ ቆሞ
ዞር አለ። «አንቺም» አለኝ፣ «የሚያዝያን አልከፈልሽም።
ቅጣቱ አሥር ብር ነው።»
ያገኘኋትን አሥር ሳንቲም አሳየሁት። አልሳቀም።